በቻይናውያን ጥንታዊ ወግ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል

ቻይንኛ መማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአስተማሪዬ የምስጋና ደብዳቤ ጻፍኩ። ውስጡን ሦስት ጊዜ አርሜዋለሁ። ፖስታው ላይ ግን ከስማቸው በታች «ጂንግ ቺ» ብዬ ጨመርኩ። «ጂንግ» አክብሮት ነው፣ «ቺ» መክፈት ነው። አክብሮት ቢበዛ ምን ይጎዳል ብዬ ነበር። አስተማሪዬ ፖስታውን አየት አደረጉና ቀስ ብለው «በአክብሮት የምከፍተው እኔ ነኝ?» አሉኝ። ለካ የጻፍኩት «በአክብሮት ክፈቱት» የሚል ትእዛዝ ኖሯል። ትክክሉ «ቺ» ብቻ ነው።

የቻይና ደብዳቤ ወግ የገባኝ ያን ቀን ነው። ቃላቱ ለጌጥ አልተቀመጡም። እያንዳንዱ ቃል ማን ከፍ፣ ማን ዝቅ እንዳለ ይናገራል። ተቀባዩ ከፍ ይላል፣ ጸሐፊው ዝቅ ይላል። ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። «እርስዎ» እና «አንተ»ን ለይቶ ላደገ፣ በድሮ ደብዳቤ «እጅ እነሳለሁ» ሲባል ለሰማ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ቃላቱን እዚህ የምጽፈው በድምፃቸው፣ በእኛ ፊደል ነው። ስትጽፉ የቻይንኛውን ፊደል ከመዝገበ ቃላት አመሳክሩ፤ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ፊደላት ብዙ ናቸው።

1. ሰውየው ለእናንተ ምናችሁ ነው?

ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ይህን ወስኑ። ወላጅ? አስተማሪ? እኩያ? ታናሽ? መክፈቻው፣ ምርቃቱና ፊርማው ሦስቱም በዚህ ይወሰናሉ። አንዱን ለወላጅ፣ ሌላውን ለጓደኛ አድርጋችሁ ከቀላቀላችሁ ደብዳቤው ይበላሻል።

2. ወረቀትና ቀለም

በድሮው ወግ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ መስመሮቹም ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ። የደብዳቤ ወረቀቱ ስምንት መስመር ስለነበረው ደብዳቤ ራሱ «ባ ሃንግ ሹ»፣ የስምንት መስመር ጽሑፍ፣ ይባል ነበር። ዛሬ አግድም መጻፍም ያስኬዳል። በቀይ ቀለም ግን በፍጹም አትጻፉ። ቀይ ደብዳቤ «ከእንግዲህ አንተዋወቅም» እንደማለት ነው።

3. መክፈቻው

መጀመሪያ የተቀባዩ መጠሪያ ይመጣል። ከእሱ ቀጥሎ ደብዳቤው እንዲታይ የሚለምን አጭር የክብር ቃል ይከተላል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው።

ለአባት «ፉቺን ዳረን ሺ ሺያ» ይባላል። «ሺ ሺያ» ማለት «ከጉልበት ስር» ነው፤ ልጅ በወላጁ ጉልበት ዙሪያ የሚድህበትን ጊዜ ያስታውሳል። የወላጁን ጉልበት ስሞ ላደገ የእኛ አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ለአስተማሪ «ሃን ጃንግ» የሚል ጥንታዊ ቃል አለ። ድሮ ተማሪና አስተማሪ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጡ በመካከላቸው አንድ ጃንግ የሚያህል ቦታ ይተው ነበር። ጃንግ በዛሬው ልክ 3.3 ሜትር ገደማ ነው፤ በጥንቱ ያንሳል። አስተማሪው እንደ ልብ እጁን ዘርግቶ የሚያስረዳበት ቦታ ነው። ቃሉ ከበዳችሁ «ዙን ጂየን» በሉ፤ «በክብርዎ ይመልከቱት» እንደማለት ነው፣ ለማንኛውም ታላቅ ይሆናል። ለእኩያ ደግሞ «ታይ ጂየን» አለ።

ለእኩያ «ዙ ሺያ»ም ይባላል፤ «ከእግርዎ በታች» ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የሚጠራበት «ቢ ሺያ»ም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ «ከቤተ መንግሥቱ ደረጃ በታች» ማለት ነው። ተናጋሪው ንጉሡን ፊት ለፊት አይጠራም። ደረጃው ስር ለቆሙት አገልጋዮች የሚናገር ያህል ነው።

ለቅርብ ወዳጅና ለትዳር ጓደኛ «ሩ ዉ» አለ፤ «ፊት ለፊት እንደተገናኘን ያህል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ሊን ጁዌሚን የተባለ ወጣት አብዮተኛ ከጓንግዡ አመፅ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ለሚስቱ የመሰናበቻ ደብዳቤ ጻፈ። የጻፈው በመሐረብ ላይ ነው። ከስሟ ቀጥሎ ያስቀመጠው ይህንኑ «ሩ ዉ» ነበር። ከአመፁ በኋላ ተገደለ፤ ዳግም አልተገናኙም። እኔ ይህን ታሪክ ካወቅኩ ወዲህ ቃሉን በዘፈቀደ አልጽፈውም።

4. ዋናው ሐሳብ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዘመድ አጠራር ነው። ሦስት ቃላት ያዙ። የራስን ታላቅ ስትጠቅሱ «ጂያ»፣ የራስን ታናሽ ስትጠቅሱ «ሸ»፣ የሌላውን ሰው ቤተሰብ ስትጠቅሱ «ሊንግ»። አባቴ «ጂያ ፉ»፣ ታናሽ ወንድሜ «ሸ ዲ»፣ ታናሽ እህቴ «ሸ ሜይ»። የእርስዎ አባት «ሊንግ ዙን»፣ የእርስዎ እናት «ሊንግ ታንግ»፣ የእርስዎ ልጅ ወንድ ከሆነ «ሊንግ ላንግ»፣ ሴት ከሆነች «ሊንግ አይ»። «የእኔ» ወይም «የእርስዎ» ብላችሁ አትጨምሩ፤ ቃሉ ውስጥ አለ። የራስን አባት «ሊንግ ዙን» ማለት ትልቅ ግድፈት ነው። አባታችሁ በሕይወት ከሌሉ ደግሞ «ጂያ ፉ» ቀርቶ «ሺየን ፉ» ይሆናል።

ለዕቃና ለሐሳብም እንዲሁ ነው። የእኔ ቤት «ሃን ሸ»፣ ቀዝቃዛ ጎጆ፤ የእርስዎ ቤት «ፉ ሻንግ»፣ የባለ ማዕረግ ግቢ። የእኔ ሐሳብ «ዩ ጂየን»፣ የሞኝ አስተያየት፤ የእርስዎ «ጋው ጂየን»፣ ከፍ ያለ አስተያየት።

ቃሉ ብቻ አይበቃም፤ ቦታውም ይናገራል። «ታይቶው» ይሉታል፣ ጭንቅላትን ቀና ማድረግ። ተቀባዩን የሚመለከት ቃል ሲመጣ ከፊቱ የአንድ ፊደል ክፍት ቦታ ትተዋላችሁ፣ ወይም አዲስ መስመር ትጀምራላችሁ። ራሳችሁን ስትጠቅሱ ፊደሉን አሳንሳችሁ ወደ መስመሩ ቀኝ ጠጋ ታደርጉታላችሁ። በቺንግ ሥርወ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1644 እስከ 1912፣ ለቤተ መንግሥት በሚጻፍ ወረቀት ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ነገር ሲነሳ ቃሉ ከሌሎቹ መስመሮች አናት በላይ እስከ ሦስት ፊደል ድረስ ይወጣ ነበር። ወረቀቱን ገና ሳታነቡት፣ ከሩቅ አይታችሁ ማን እንደተከበረ ታውቃላችሁ።

5. ምርቃትና ፊርማ

መዝጊያው ለሁለት ይከፈላል። «ጂንግ ቺንግ»፣ በአክብሮት እመኛለሁ፣ የሚለው ከጽሑፉ ጋር ይቀራል። ምርቃቱ ወደ አዲስ መስመር አናት ይወጣል። ለወላጅ «ፉ አን»፣ ለአስተማሪ «ጂያው አን»፣ ለነጋዴ «ሻንግ ቺ»፣ ለታመመ «ችዌን አን» ይባላል። በወቅትም ይሄዳል፤ በመጸው «ቺዩ አን»፣ በክረምት ብርድ «ዶንግ አን»። ዘመናዊው መዝጊያ፣ «ጽ ጅ» (ይህን አቀርባለሁ) እና «ጂንግ ሊ» (የአክብሮት ሰላምታ)፣ እንዲሁ ነው። «ጂንግ ሊ» ከመስመሩ መነሻ የሚጻፈው ሰላምታው የተቀባዩ ስለሆነ ነው፤ የታይቶው ቅሪት ነው።

ፊርማ ላይ ስማችሁን ከማስፈራችሁ በፊት ምኑ እንደሆናችሁ ጻፉ፤ ልጅዎ፣ ተማሪዎ። ከስሙ በኋላ እጅ መንሻው ይመጣል። ለወላጅ «ኮው»፣ ግንባሬን መሬት አስነክቼ። ለእኩያ «ዱን ሾው»፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ። ለአስተማሪ «ጂንግ ሻንግ»፣ በአክብሮት ያቀረብኩ።

ለአንድ ዋንግ ለሚባሉ አስተማሪ የሚላክ ደብዳቤ ሲያልቅ እንዲህ ይመስላል፦

ዋንግ ላውሽ ዙን ጂየን፦
(ዋናው ሐሳብ) … ጂንግ ቺንግ
ጂያው አን
ሽዌሸንግ (ስማችሁ) ጂንግ ሻንግ
(ቀን)

«ላውሽ» አስተማሪ ነው፣ «ሽዌሸንግ» ተማሪ።

6. ፖስታው

የቁም ፖስታ መሐሉ ላይ ቀይ ሳጥን አለው። የተቀባዩ ስም በሳጥኑ ውስጥ፣ አድራሻቸው በቀኝ፣ የእናንተ በግራ ይሰፍራል። ለሐዘን ደብዳቤ ቀይ የሌለበት ነጭ ፖስታ ፈልጉ።

ፖስታውን የሚያነበው ፖስተኛው መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ ለአባታችሁ ቢሆንም «አባቴ» አይባልም፤ ፖስተኛው የሚጠራቸው በ«ሺየንሸንግ»፣ በአቶ ነው። ከስሙ በታች «ቺ» አድርጉ፣ ያለ «ጂንግ»። ከእናንተ ስም በታች «ጂየን»፣ አሽጌዋለሁ፣ ይጻፋል። ፖስትካርድ ከሆነ የሚከፈትም የሚታሸግም ነገር ስለሌለ ለእሳቸው «ሾው»፣ ይቀበሉ፣ ለእናንተ «ጂ»፣ ላኪ፣ ይበቃል።