በሽተኛ ባለበት ቤት ፈሪ ውሻ ስታስገቡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሥራዬ ደሴ ውስጥ እንስሳት ማከም ነው። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ተኩስ ሲሰማ አልጋ ሥር የሚወሸቅ፣ ሰው እጁን ሲያነሳ የሚያጉረመርም ውሻ ብርቅ አይደለም። ከመንገድ አንስተው የሚያስጠጉት ደጎችም አሉ። የሚገርመኝ ጊዜው ነው። እናት በስትሮክ አልጋ ላይ ውላ፣ ወይ አባት ካንሰር ተገኝቶበት ቤቱ ሲታመስ ነው "ለልጆቹ መጽናኛ ይሆናል" ብለው የሚያመጡት። ሐሳቡ ክፋት የለውም። አያያዙ ነው የሚበላሸው።

ከጠያቂ ጋር ላላምድ ማለት። ይሄ ያንገበግበኛል። ወሎ ውስጥ ሰው ታመመ ከተባለ ቤቱ ከሰው አይለይም። ጠዋት ጎረቤት፣ ከሰዓት የቅሬ (የዕድር) ሰው፣ ቅዳሜ ከገጠር ዘመድ ዱላውን ይዞ ይመጣል። ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ዱዓ ይደረጋል። ለበሽተኛው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ለፈሪ ውሻ ግን በየሰዓቱ አዲስ ጠላት ገባ ማለት ነው። ባለቤቱስ ምን ያደርጋል? ውሻውን ጎትቶ መሃል ያመጣውና "አይነካችሁም፣ ዳብሱት!" ይላል። ኧረ ማን ጠየቃችሁ? ሰውዬው የመጣው በሽተኛ ሊጠይቅ ነው። ሙስሊም ከሆነ ደግሞ የውሻ ምራቅ ልብሱን ከነካው ከሰላቱ በፊት ማጠብ አለበት። ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል እንጂ ደስ አይለውም።

ውሻውን እዩት እስቲ። ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፏል። የሚበላ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል። እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። ፊቱን አዙሮ በዓይኑ ጥግ ያያል፣ ነጩ ይታያል። ከዚያ ድርቅ ይላል። "አያችሁ፣ ለመደ!" ይላል ባለቤቱ። አልለመደም፤ ቀጥሎ ጥርስ ነው። አንድ ቤት ሽማግሌው "እንዴት ያለ ጨዋ ውሻ ነው" ብለው ሳይጨርሱ ነው ጣታቸውን የተያዙት።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንግዳ አይየው። ጓሮ በኩል የሚዘጋ ክፍል፣ ውሃና አሮጌ ጋቢ ይበቃዋል። ድንጋጤ በድንጋጤ ላይ ሲደራረብበት ለመረጋጋት ቀናት ይፈጅበታል፤ እናንተ ዛሬ ያስደነገጣችሁትን ነገ በሌላ ሰው ላይ ያወጣዋል።

ሲያጉረመርም መምታት። ማስጠንቀቁን ይተዋል፤ መንከሱን አይተውም።

ክራንችና ከዘራን መርሳት። በዱላ ሲባረር የኖረ ውሻ ክራንችን ከዱላ አይለይም። በሽተኛው ለመነሳት ክራንቹን ባነሳ ቁጥር ወይ ይሸሻል ወይ ይወረወርበታል። አቅም የሌለው ሰው ደግሞ ውሻ እግሩ ሥር ከገባ ይወድቃል። ክራንቹን መሬት ላይ አጋድሙትና አጠገቡ ምግብ ጣሉ። ይሄን ደጋግሙ። ውሻው ሳይሳቀቅ ሲበላ፣ በሽተኛው ተቀምጦ ክራንቹን ይያዝ። ውሻው ሲለምድ ብቻ በሽተኛው ይነሳ። ይሄን የሚያደርግ ጤነኛ ሰው ቤቱ ውስጥ ከሌለ ሁለቱን በበር ለዩዋቸው።

"ውሻ በበላበት ይጮኻል" ብሎ መቸኮል። አበላችሁት ማለት አመናችሁ ማለት አይደለም። ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ዓይን ዓይኑን አትዩት። አንዴ "ኩቲ ኩቲ" ብላችሁ ዝም በሉ፤ ሲፈልግ ይመጣል። ልጆቹ አይቀፉት። ጭንቅላቱን ከላይ መዳበስም ይቅር።

ተረኛ አለመመደብ። ሪፈር ይጻፍና ቤተሰቡ ተጠራርጎ አዲስ አበባ ይወርዳል። ውሻው ሰንሰለት ላይ ይቀራል፤ ጎረቤት እንጀራ ከሩቅ ይወረውርለታል። ስትመለሱ የምታገኙት ሌላ ውሻ ነው። እሱ የሚያውቀው አንድ ሰው መቅረት አለበት። ያ ሰው ከሌለ ውሻውን አሁን አታንሱ፤ ካለበት ቦታ እየመገባችሁ ቆዩ። አያሳፍርም።

ጥሬ ሳንባና ጉበት መስጠት። በተለይ ከበዓል እርድ በኋላ። ውሃ የቋጠረ እብጠት ያለበትን ሆድ ዕቃ ውሻ ከበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ በእጅ ወይም በምግብ ሰው ሆድ ከገባ ያንኑ እብጠት የሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያወጣል። እብጠት ያለበትን ሆድ ዕቃ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ለውሻውም የትል መድኃኒት በየጊዜው አሰጡት።

ክትባቱን "ሲረጋጋ" ብሎ ማሳደር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም። ክትባቱን ቤት ሳይገባ አስከትቡት። ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና የዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የተነከሰው የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ለሰው የሚሰጠው ክትባት እንደ ጤነኛ ሰው ላይሠራለት ይችላል። ውሻውን ደግሞ ደብድባችሁ አትግደሉ። እሰሩትና የእብደት ምልክት ያሳይ እንደሆነ 10 ቀን ይታይ። ገድላችሁ ከቀበራችሁት እኛ ምኑን እንይ?