ዊንዘርን በአንድ ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል፦ ልዑል ዓለማየሁ ያረፈባት ከተማ

ለንደን ወይም አካባቢዋ የምትማሩ ከሆነ አንድ ቀን ለዊንዘር መድቡ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ በእግር ትዳረሳለች። ብዙ ሰው የሚሄደው የንጉሡን ቤተ መንግሥት ለማየት ነው። ለእኛ ግን ሌላም ምክንያት አለን። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ የተቀበረው እዚያ ነው።

ይህን የምጽፈው እዚያ ድረስ ሄዳችሁ እሱን ሳታገኙ እንዳትመለሱ ብዬ ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት እሁድ ነበር። መቃብሩ ያለበት የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ደግሞ እሁድ ለጎብኚ ዝግ ነው። ግቢውን ዞሬ፣ በሩን ከውጭ አይቼ ተመለስኩ። በጣም ነው የከፋኝ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቀኑን ምረጡ። ቤተ መንግሥቱ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞና ረቡዕ ይዘጋል። እሁድን ደግሞ ከላይ ባልኩት ምክንያት ተዉት። ትምህርት የሌላችሁ ሰኞ ወይም ሐሙስ ካለ እሱ ጥሩ ነው፤ ቅዳሜ ሰልፉ ይረዝማል። የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ሲኖር የሚዘጋበት ቀንም ስላለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የቤተ መንግሥቱን ድረ ገጽ ተመልከቱ።

ቀጥሎ ትኬት። በኢንተርኔት ቀድማችሁ ስትገዙ በር ላይ ከመግዛት ይረክሳል። ከ18 እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች የተለየ ዋጋ አለ፤ ዕድሜያችሁን የሚያሳይ መታወቂያ ያዙ። ከራሱ ከቤተ መንግሥቱ የተገዛ ትኬት ወደ አንድ ዓመት መግቢያ ሊቀየር ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ይወጣል። ከመውጣታችሁ በፊት ሠራተኞቹን ጠይቁ።

ለባቡሩ ሁለት መንገድ አለ። ከዋተርሉ ጣቢያ የሚነሳው ሳትቀይሩ ዊንዘር ያደርሳችኋል፤ ወደ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከፓዲንግተን የሚነሱት ስላው የምትባል ከተማ ላይ ወርደው ሌላ ትንሽ ባቡር ይይዛሉ። ይህኛው የሚያወርዳችሁ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ነው ማለት ይቻላል። የወጣቶች የባቡር ቅናሽ ካርድ ካላችሁ ከዋጋው አንድ ሦስተኛው ይቀነስላችኋል። ዕድሜያችሁ ከፍ ቢልም የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሆናችሁ ካርዱን ማውጣት ትችላላችሁ። ልብ በሉ፤ በር ላይ የባንክ ካርድ እያስነካችሁ ብትገቡ ይህን ቅናሽ አታገኙም። ትኬቱን ለብቻው ግዙ። በሥራ ቀን ጠዋት ዋጋው ስለሚወደድ ትንሽ አርፍዶ መነሳት ያዋጣል።

ምሳ ቋጥሩ። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ያሉት ምግብ ቤቶች ለተማሪ ኪስ ከባድ ናቸው። ዓርብ ከሄዳችሁና የምትጾሙ ከሆነ ደግሞ የሚሆናችሁን ፍለጋ ብዙ ትዞራላችሁ። በምሳ ዕቃ የተያዘ ፍርፍር ቴምዝ ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ መብላት፣ ዝይ የመሰሉትን ነጫጭ ወፎች እያዩ፣ ደስ ይላል። የዝናብ ጃኬት በበጋም ቢሆን አይቅር።

ቤተ መንግሥቱ 10:00 ላይ ይከፈታል (በእንግሊዝ ሰዓት)። ርካሹን ባቡር ስትጠብቁ ትንሽ ቢያልፍም፣ በዚያ ሰዓት ገደማ ለመድረስ ሞክሩ። መግቢያው ላይ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ አለ። ቦታውን መጀመሪያ የመሠረተው በ1070 አካባቢ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝን የወረረው ዊልያም ነው፤ ዛሬም ንጉሥ ይኖርበታል። በ1992 እሳት ተነስቶ ከመቶ በላይ ክፍሎች ተጎድተው ነበር፤ ጥገናው አምስት ዓመት ፈጀ። አዳራሾቹን ስታዩ የተቃጠለውና አዲሱ የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ለአዳራሾቹ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከዚያ በላይ አትቆዩ፤ ጸሎት ቤቱ ከሌላው ግቢ ቀድሞ ይዘጋል።

አሁን ቁልቁል ወደ ጸሎት ቤቱ ውረዱ። ሄንሪ 8ኛም፣ በ2022 ያረፉት ንግሥት ኤልሳቤጥም እዚህ ነው የተቀበሩት። ሰዉ የሚሰለፈው ወደ እነሱ ነው። እናንተ ግን አስተናጋጆቹን ጠይቁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስም «አላማዩ» ተብሎ ስለሚነበብ «ፕሪንስ አላማዩ» በሏቸው። ለእሱ መታሰቢያ ወደተደረገው የናስ ጽላት ይመሯችኋል።

እዚያ ስትቆሙ ታሪኩን አስታውሱ። ዓለማየሁ በ1861 ተወለደ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ አባቱ ራሳቸውን ሠዉ፤ እሱ ገና ሰባት ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ መንገድ ላይ ታመው አረፉ። ልጁን ብቻውን ባሕር አሻገሩት። ንግሥት ቪክቶሪያ ወደዱት፣ አዘኑለትም። ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ተላከ። በመጨረሻ ሊድስ ውስጥ በሳንባ ሕመም ታሞ ኅዳር 1879 ሞተ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። የእናንተ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ዕድሜ ማለት ነው።

ጽላቱ ላይ ከማቴዎስ ወንጌል የተወሰደ ቃል አለ፦ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል»። እኔ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ኢትዮጵያ አፅሙ እንዲመለስ በ2007 በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ በኩል ጠይቃለች። በ2023 ለንደን ያለው የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት አፅሙን ማውጣት በዙሪያው ያረፉትን ሌሎች ይረብሻል ሲል ጥያቄውን አልተቀበለም። እኔ ወደ ሀገሩ መመለስ አለበት ባይ ነኝ። እስከዚያው ግን ሄዶ የሚጠይቀው ወገን ይኑረው። ጽሑፉን በማስታወሻ ደብተር ገልብጡ። ፎቶ የሚከለከልበት ቦታ ስላለ ምልክቱን አይታችሁ አንሱ።

ከወጣችሁ በኋላ ጊዜ ካለ ወደ ደቡብ የሚወስደውን ሎንግ ዎክ የሚባለውን ቀጥ ያለ መንገድ ሂዱ። ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ግማሹን ሄዶ መመለስም ይበቃል። ለእግረኛ ብቻ የሆነውን ድልድይ ከተሻገራችሁ ደግሞ በ1440 የተመሠረተው የኢተን ትምህርት ቤት ያለበት መንደር ነው።

ትኬት መግዛት ያልቻለ ሰው ካለ ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ጸሎት ቤቱ ውስጥ አመሻሽ ላይ በመዝሙር የሚካሄድ ጸሎት አለ። መግቢያው ነፃ ነው፤ ሰዓቱን ከጸሎት ቤቱ ድረ ገጽ አይታችሁ ቀደም ብላችሁ በር ላይ ድረሱ። እንደ ጎብኚ መዞር ባይፈቀድላችሁም፣ የልጁ መታሰቢያ ካለበት ጣሪያ ሥር ተቀምጣችሁ ስሙን በልባችሁ ማንሳት ትችላላችሁ።