የድሮ የማሲንቆ ካሴት አልሰራ ሲላችሁ፣ ከመጣላችሁ በፊት

አጎቴ ሰርግ ሲጠራ ከስጦታው በፊት የሚያስታውሰው ባትሪ ነበር። በትከሻው የሚያንጠለጥላት ቴፕ ነበረችው፣ ምንጃር በሉት አርሲ፣ አዝማሪ ካለ ማሲንቆው አጠገብ ተለጥፎ ይቀዳል። ከሱ የቀረን እዚህ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር እናቴ ቤት ቁምሳጥን ላይ የነበረ ሁለት የጫማ ካርቶን ሙሉ ካሴት ነው። ያንን ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ያልገጠመኝ ችግር የለም፣ ግማሹን ደሞ ራሴ ነኝ የፈጠርኩት፣ ስለዚ እናንተም ቤት እንዲህ አይነት ካርቶን ካለ ይሄን አንብባችሁ ጀምሩ።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ግን የካሴቱን ጀርባ እዩ። ጠርዙ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፣ ስበሯቸው። እነሱ ከሌሉ በስህተት ቀዩን ቁልፍ ብትጫኑ እንኳን አይቀዳም፣ የድሮውን አያጠፋም። እኔ ይሄን ሳላውቅ አርባ ሰከንድ ማሲንቆ በእናቴ የድስት ክዳን ድምፅ ተክቼዋለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌላው፣ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቴፑ ነው እንጂ ካሴቱ አይደለም። ቢበላሽ የማያሳዝናችሁ፣ ዘፈኑን በደንብ የምታውቁት የሱቅ ካሴት ለሙከራ አስቀምጡ። እሱም ከተበላሸ ጥፋቱ የቴፑ ነው፣ እሱ ደህና ሆኖ የአጎታችሁ ብቻ ካስቸገረ ያኔ ወደ ካሴቱ ትሄዳላችሁ።

ችግር፦ ቴፑ ካሴቱን በላው

ይሄ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ክሩን የሚስበው የጎማ ሮለር ሲቆሽሽ ወይ ሲደርቅ፣ ወይም ውስጥ ያለው ቺንጋ ላልቶ ክሩን የሚሰበስበው ጎን መዞር ሲያቆም ነው። የአዳማን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት ስም ይፃፍበታል፣ ያ አቧራ ቴፕ ውስጥ አይገባም ብላችሁ ነው?

አትጎትቱ። ካሴቱን ይዛችሁ ክሩን በጣት ቀስ እያላችሁ ከሮለሩ አላቁትና በቢክ እስኪብርቶ አጠንጥኑት። የተጨማደደው ቦታ ላይ ድምፁ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይጠፋም። ከተበጠሰ ደሞ ካሴቱን በትንሽ ካቻቢቴ ፈታችሁ (አብዛኛው አምስት ብሎን አለው፣ ብሎን ከሌለው የተጣበቀ ስለሆነ በጥንቃቄ ተሰንጥቆ ክሩ ወደ ሌላ ባለብሎን ካሴት ይዛወራል) ለካሴት ክር መቀጠያ በተሰራው ፕላስተር ከጀርባ በኩል ትቀጥሉታላችሁ። ተራ ስኮች አይሆንም፣ በኛ ሙቀት ሙጫው ይወጣና ከላዩ ያለውን ክር ይይዛል። 120 (ደቂቃ) ተብሎ የተፃፈበት ካሴት ካጋጠማችሁ ደሞ በጣም ተጠንቀቁ፣ ክሩ ከ60 ደቂቃው በግማሽ የቀጠነ ነው፣ ዝም ብላችሁ ወደፊት ወደኋላ አታሩጡት።

ከዛ ሮለሩንና ሄዱን (ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ብረት) በጥጥና በአልኮል አፅዱ፣ ከ90 ፐርሰንት በላይ የሆነው ይሻላል፣ የ70ው ውሀ ስላለው በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። አረቄ አይሆንም። ሰው ሲሞክር ስላየሁ ነው የምናገረው። ቺንጋው ከላላ በልኩ ይቀየራል፣ አንዳንዱ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ስለሚሆን እሱን መጥረግ ራሱ የአንድ ቀን ስራ ነው።

ችግር፦ ድምፁ ታፍኗል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል

መጀመሪያ ዶልቢ (የካሴት ሽሽሽታ መቀነሻ) የሚል ቁልፍ ካለ አጥፉት፣ በትከሻ የሚያዙት ቴፖች አብዛኛዎቹ ዶልቢ አልነበራቸውም፣ ያለ ዶልቢ የተቀዳን በዶልቢ ስትሰሙት ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል። እሱ ካልሆነ ሄዱ ነው። የአጎቴ ቴፕ ሄድ በራሱ አንግል ትንሽ ያዘነበለ ነበር፣ የኔ ደሞ በሌላ፣ ሁለቱ ካልገጠሙ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፣ የማሲንቆ ነፍሱ ያለው ደሞ እዛ ነው። ሄዱ ጎን አንዲት ብሎን አለች። ካሴቱ እየተጫወተ፣ ድምፁን ሞኖ አድርጋችሁ (ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀላቅላችሁ)፣ ብሎኗን በጣም በትንሹ ወዲህ ወዲያ እያላችሁ ጭራው ጭራውን ሲፍቅ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ ላይ አቁሙ። ለእያንዳንዱ ካሴት ይሄን ማድረግ ሊኖርባችሁ ይችላል፣ ስለዚ የሰው ቴፕ ተውሳችሁ እንዳታደርጉት፣ የፋብሪካ ልኩ ይጠፋል።

ከዘፋኙ ኋላ ሌላ ሰው በተገላቢጦሽ ሲዘፍን ከሰማችሁ ጂኒ አይደለም፣ ሄዱ ከፍ ወይ ዝቅ ብሎ የሌላኛውን ገፅ ጠርዝ እያነበበ ነው። እሱን ለጠጋኝ ስጡት።

ችግር፦ አዝማሪው እንደ ህፃን ይጮሀል

ይሄኛው ነው ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚያልፈው። የሙከራው ካሴት በትክክለኛ ፍጥነቱ እየሄደ አጎቴ የቀዳው ከፈጠነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ባትሪ ነው። ባትሪ ሲደክም ቴፑ ክሩን ቀስ እያለ ይስባል፣ ቀስ ብሎ የተቀዳ ደሞ በትክክለኛው ፍጥነት ሲከፈት ይፈጥናል። ለዛ ነው የሰርጉ መጀመሪያ ላይ ደህና የነበረው ሰውዬ መጨረሻው ላይ ድምፁ እየቀጠነ የሚሄደው።

ታዲያ ጆሯችን ለምን አይነቃም? ፍጥነቱ ሲቀየር ሁሉም ኖታ እኩል ነው የሚወጣው፣ በኖታዎቹ መሀል ያለው ርቀት አይነካም፣ ስለዚ ቅኝቱ አይለወጥም፣ ትዝታው ትዝታ ነው፣ ባቲውም ባቲ፣ አምባሰልም አንቺ ሆዬም እንደዛው። ማሲንቆውም አይመሰክርም፣ አንዲት የጭራ አውታር ያለችው መሳሪያ ናት፣ አዝማሪው በገዛ ጉሮሮው ልክ ነው የሚቃኛት፣ እንደ ፒያኖ ቋሚ ድምፅ የላትም። እኔ ሦስት ካሴት እንደዚህ ፈጥኖ ገልብጬ "አይ የድሮ ሰው ጣት" እያልኩ ሳደንቅ ነበር።

መፍትሄው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቀረፃው መብራት ባለበት ቤት፣ ቴፑ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ከሆነ ከስር እምምም የሚል የመብራት ድምፅ ይኖራል። የኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ስፔክትረሙን (ድምፁን በኸርዝ ዘርዝሮ የሚያሳየውን ሥዕል) አውጥታችሁ ያ እምምታ 53 ላይ ከታየ ካሴቱ 6 ፐርሰንት ፈጥኗል፣ ግማሽ ድምፅ ገደማ ማለት ነው፣ ስለዚ ፍጥነቱን በ0.943 ታባዙታላችሁ። ልክ 50 ላይ ቁጭ ካለ ግን ከራሳችሁ ገመድ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ካሴቱን አቁማችሁ እዩት፣ አሁንም ካለ የእናንተ ነው። ሁለተኛው፣ ገጠር በባትሪ ለተቀዳው፣ ወሬውን ስሙ። በዘፈን መሀል "ተቀበል!" እያለ ግጥም የሚሰጥ አለ፣ የሚስቅ አለ፣ የነዚህን ሰዎች ድምፅ የሚያውቅ ሽማግሌ አስቀምጣችሁ ትክክል እስኪል ድረስ አስተካክሉ። ስታስተካክሉ ስፒድ የሚለውን ነው የምትቀይሩት፣ ፒች ብቻ ወይ ቴምፖ ብቻ የሚሉትን አይደለም፣ እየፈጠነ የሚሄደውን ደሞ ቆራርጣችሁ። ይሄ ሁሉ በኮፒው ላይ ነው፣ መጀመሪያ የገለበጣችሁት እንዳለ ይቀመጣል።

ችግር፦ ስገለብጥ ይሰነጠቃል፣ ወይም ይጮህብኛል

ላፕቶፕ ላይ ያለችው አንዷ ቀዳዳ የማይክ ናት፣ ለደካማ ድምፅ የተሰራች፣ ብዙ ጊዜም ሞኖ፣ ከቴፕ የሚመጣው ይበዛባታል። ላይን ኢን (እንዲህ ያለውን ጠንካራ ድምፅ የሚቀበል ቀዳዳ) ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ብትገዙ ትገላገላላችሁ። ከፍተኛው ድምፅ ከ0 በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን አድርጉ፣ ቀዩ ከነካ የተቆረጠው አይመለስም። እምምታው ቻርጀሩን ስትነቅሉ ከጠፋ በቃ በባትሪ ገልብጡ። ሞኖ የተቀዳ ቢሆንም በስቴሪዮ ያዙት፣ አንዳንዴ ግራው ከቀኙ ይጠራል።

ችግር፦ ሽሽሽታው በዛ፣ ላጥራው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው። የማሲንቆ አውታሩም የደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው፣ እጣን የሚቀባውም ጭራ ጭራን እንዲይዝ ነው፣ ስለዚ ፍቅፍቅታው ራሱ ሙዚቃው ነው። ኮምፒውተሩ ግን ይሄን አያውቅም፣ ለሱ ፍቅፍቅታና የካሴት ሽሽሽታ አንድ ናቸው፣ ኖይዝ ሪዳክሽን (ሽሽሽታ ቀንስ) ሲባል ሁለቱንም ጠርጎ ውሀ ውስጥ የተዘፈነ የሚመስል ነገር ይሰጣችኋል። ማጥራት ካለባችሁ በኮፒ ላይ፣ ከ6 ዴሲቤል ሳያልፍ። አዝማሪው ዝም ሲል ሽሽሽታው እየጎላ ሲጀምር ዝቅ የሚለው ደሞ ቴፑ ራሱ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ስለቀዳ ነው፣ ለሱ ብዙም የሚደረግ ነገር የለም፣ ተዉት።

እኔ የመጀመሪያዎቹን ካሴቶች ጭብጨባውን ቀንሼ፣ ሳሉን ቆርጬ፣ ዶሮውን አጥፍቼ "ንፁህ" አድርጌ ለአክስቴ አሰማኋት። ደስ ይላል አለች፣ እንደ እንግዳ። በኋላ በስህተት ያልተነካውን ከፈትኩት፣ አክስቴ ቡናውን አስቀመጠችና "ይሄማ የአባዬ ሳል ነው" አለች። አያቴ ድምፃቸው ሌላ ቦታ የለም። ኦሪጅናሉን አጥፍቼው ቢሆንስ?

ችግር፦ ነጭ ዱቄት አለው

ሻጋታ ነው፣ ቴፕ ውስጥ እንዳታስገቡት፣ ወደ ሌሎቹም ይጋባል። እኛ ጋ ብዙም የለም፣ ሀዋሳ ሀይቁ አካባቢ ካለ ወዳጄ የመጣልኝ ካሴት ላይ ግን ነበር። ለብቻ በላስቲክ ለዩት፣ ደረቅ ቦታ ላይ አድርቁት፣ ደጅ ወጥታችሁ ማስክ አድርጋችሁ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት።

ችግር፦ መብራት ጠፋ

ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ቴፑ ግን ሮለሩ ክሩን እንደነከሰ ነው የሚቆመው። መብራት እስኪመጣ ብላችሁ አትተዉት፣ ስቶፕ ተጫኑና ካሴቱን አውጡ።

ችግር፦ ፋይሉ ትልቅ ነው፣ ስልክ ላይ ስልከው ደሞ ተበላሸ

ዓለም አቀፉ የድምፅና ምስል ቤተ መዛግብት ማህበር የጥራት ልኩ ቢያንስ 48 ኪሎኸርዝ 24 ቢት፣ ከተቻለ 96 ኪሎኸርዝ ይሁን ይላል፣ በዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው የፋይል አይነት)። በ96ቱ አንድ ሰዓት ስቴሪዮ ወደ 2 ጊጋ፣ በ48ቱ ወደ 1 ጊጋ ይሆናል። ዋናውን ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ሌላ ቤት ይሁን። በርካሽ የሚሸጥ "1 ቴራ" ፍላሽ አትመኑ፣ ሞልታችሁ መልሳችሁ ሳትከፍቱት ካሴቱን አትጣሉ፣ እንዲያውም ካሴቱን ጭራሽ አትጣሉ። ለመላክ ፍላክ ወደሚባለው የፋይል አይነት ቀይሩት፣ ድምፁ ሳይጎዳ የፋይሉ መጠን ይቀንሳል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል ላኩ፣ ስልኩን ስፒከር አጠገብ ይዞ ቮይስ መላክ ይቅር።

ችግር፦ ላዩ ላይ "ናዝሬት 78" ብቻ ነው ያለው

ናዝሬት ያው አዳማ ናት፣ ሁለቱንም ፃፉ፣ ፈላጊው በየትኛው እንደሚፈልግ አይታወቅም። 78ቱ በኛ ነው በፈረንጅ? የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለው። እኔ ያወቅኩት አዝማሪው ስለ 77ቱ ድርቅ ሲገጥም ስለሰማሁ ነው፣ በፈረንጅ 1978 ቢሆን ድርቁ ገና አልመጣም። ማን መታ፣ የማን ሰርግ፣ የት፣ ማን ተቀበል አለ፣ ምን ቅኝት፣ ይሄን ሽማግሌዎቹ በህይወት እያሉ ጠይቃችሁ ከፋይሉ ጋር አስቀምጡ።

ችግር፦ ላጋራው ወይስ አላጋራው?

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተጫዋቹም መብት አለው፣ ካሴቱ የናንተ መሆኑ ዘፈኑን የናንተ አያደርገውም። አዝማሪውን ወይ ልጆቹን ፈልጉ፣ ምንጃር ሄዳችሁ ሁለት ሻይ ቤት ብትጠይቁ ይገኛሉ፣ እኔ ሁለቱን እንደዛ ነው ያገኘኋቸው። ደግሞ አዝማሪ ሰው ይነካል፣ ስራው ነው። አንዱ ካሴት ላይ የሰፈራችንን ሰው ስለ ስስቱ ሩብ ሰዓት ሙሉ በሰምና ወርቅ ይጠብሰዋል፣ ሰውየው አሉ፣ እዚሁ ፖስታ ቤት አካባቢ። ልጃቸውን ጠየቅኩት፣ እስኪያነባ ሳቀና "ለኔ ላክልኝ፣ ሌላ ሰው ጋ ግን እንዳይደርስ" አለኝ። ለሱ ብቻ ላኩለት፣ እንደ ፋይል።