ድባቴ ሲጫን፦ ከየት መጀመር፣ ለማን መንገር

ድባቴ የያዘው ሰው ምክር አይጎድለውም። «ተነስ፣ ስፖርት ሥራ፣ ከሰው ተቀላቀል፣ በጎ በጎውን አስብ» ይባላል። ምክሩ ባልከፋ፤ ግን ምክሩን ለመፈጸም የሚያስፈልገውን ጉልበት ሕመሙ ቀድሞ ወስዶታል። ከአልጋ መውረድ ያቃተውን ሰው ሩጥ ማለት ምን ይፈይዳል? ከዚህ በታች የተጻፉት እርምጃዎች ሆን ተብሎ ትንንሽ የተደረጉት ለዚህ ነው። አቅም ካጠረዎት ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ይሞክሩ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ለሰው ስለ መንገር የሚያወራውን ይምረጡ።

አስቀድሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ ራስን የማጥፋት ሐሳብ አሁን እየመጣብዎት ከሆነ ቅደም ተከተሉን ይተዉት። ብቻዎን አይሁኑ። አጠገብዎ ላለ ሰው «ዛሬ ብቻዬን መሆን የለብኝም» ብለው ይንገሩ፤ ሰው ከሌለ ወደሚቀርብዎ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ድንገተኛ ክፍል እግሩ ለተሰበረ ሰው ብቻ የተከፈተ አይደለም።

1. ሐዘን ነው ወይስ ሕመም?

ሰው ሲሞትበት፣ ሥራ ሲያጣ ወይም ከሚወደው ሲለያይ የማይከፋው የለም። ሐዘን ግን መጣ ሄድ ይላል፤ በመሀል ሳቅ ይገኛል፣ ስለሄደው ሰው ማውራትም ያጽናናል። ድባቴ አይንቀሳቀስም። ሐኪሞች የሚመለከቱት መስፈርት ዘጠኝ ምልክቶች አሉት። ሁለቱ ዋነኞቹ የስሜት መጨለምና ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ ናቸው። የተቀሩት የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት ወይም የክብደት መለወጥ፣ ድካም፣ የእንቅስቃሴ መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ፣ «እኔ ዋጋ የለኝም» የሚል የጥፋተኝነት ስሜት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻልና ስለ ሞት ማሰላሰል ናቸው። ከዘጠኙ አምስቱ፣ ከዋነኞቹ ቢያንስ አንዱን ጨምሮ፣ አብዛኛውን ቀን ለ2 ሳምንት ያህል ከቆዩና የዕለት ኑሮን ካወኩ ጉዳዩ ባለሙያ ሊያየው የሚገባ ነው።

ብዙ ሰው ግን «ከፍቶኛል» ብሎ አይመጣም። ራሴን ያመኛል፣ ወገቤን ይዞኛል፣ ሆዴ ተበጠበጠ፣ ሰውነቴ ዝሏል ይላል። ሌላው ደግሞ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፤ ቤተሰቡ ጠባዩ የተበላሸ ይመስለዋል።

ራስዎን ለመፈተሽ «ፒ ኤች ኪው 9» የተባለው መጠይቅ በብዙ አገር ይሠራበታል። ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ ያለፉትን 2 ሳምንታት እያሰቡ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣሉ፤ ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ለማየት በቂ ምክንያት አለዎት። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ነው፤ እዚያ ላይ ከ0 ሌላ መልስ ከሰጡ ድምሩ ትንሽ ቢሆን እንኳ ለሰው ይናገሩ። ቁጥሩ ፍርድ አይደለም፤ ሐኪም ጋ ይዘውት የሚገቡት ማስረጃ ነው።

2. ፍላጎቱ እስኪመጣ አይጠብቁ

ጤነኛ ሰው መጀመሪያ ያሰኘዋል፣ ከዚያ ያደርጋል። በድባቴ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ሳያሰኝ ይደረጋል፣ ፍላጎቱ ከኋላ ይመጣል፣ እሱም ዘግይቶ። እ.ኤ.አ. በ1996 የእነ ኒል ጃኮብሰን የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን ለድባቴ በንግግር የሚሰጠውን የሥነ ልቦና ሕክምና ክፍል በክፍል ለያይቶ ሲያወዳድር፣ ሰውን ደረጃ በደረጃ ወደ ዕለት ተግባር የሚመልሰው ክፍል ብቻውን የሙሉውን ያህል እንደሚሠራ አገኘ። እንግዲህ ይህን ቤትዎ ሆነው መጀመር ይችላሉ።

አንድ ወረቀት ወስደው በሦስት ይክፈሉት፦ ሰዓት፣ ያደረጉት ነገር፣ ስሜትዎ ከ0 እስከ 10። ለጥቂት ቀን ምንም ሳይለውጡ ብቻ ይመዝግቡ። «4 ሰዓት፣ ተኝቼ ስልክ ስነካካ፣ 2»፤ «10 ሰዓት፣ እህቴ ደውላ አወራን፣ 4» ዓይነት። ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ጨለማ ይመስል የነበረው ወረቀቱ ላይ ሲታይ አንድ አይሆንም፤ ከ2 ወደ 4 ያነሳው ነገር ምን እንደነበር ያሳያል። ከዚያ ያንን ነገር ለነገ፣ ሰዓት ቆርጠው፣ ይመድቡለት።

መጠኑ ላይ አይኩሩ። «ልብስ አጥባለሁ» ብለው የተከመረውን ሲያዩ ተመልሰው የሚተኙ ከሆነ ዕቅዱ ትልቅ ነበር ማለት ነው። ሁለት ካልሲ ይጠቡ። ሁለቱ ካልሲዎች ታጥበው ከተሰጡ የዚያ ቀን ሥራ ተሠርቷል፤ ክምሩን ዛሬ ማየት አያስፈልግም። ገላ መታጠብ ከከበደ ፊትዎን፣ እሱም ከከበደ እግርዎን መሬት ላይ አውርደው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡ። ሳቅ የሚያስመጣ ምክር ሊመስል ይችላል፤ ሳምንት ሙሉ ያልተነሳ ሰው ግን አይስቅበትም።

ለእንቅልፍ፣ የመተኛውን ሰዓት ማስገደድ አይቻልም፤ የመነሻውን ግን መወሰን ይቻላል። ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱና ብርሃን ወዳለበት ይውጡ። ከቻሉ 10 ደቂቃ ይራመዱ። መጠጥን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፦ ለሰዓታት ያቀልልና በማግስቱ እጥፍ አድርጎ ያስከፍላል፤ እንቅልፍ ያመጣ ቢመስልም የሌሊቱን እኩሌታ ይነጥቃል።

3. ለአንድ ሰው ይንገሩ

አብዛኛው ሰው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። «ሸክም እሆናለሁ»፣ «ደካማ ይሉኛል»፣ «ምን ብዬ እጀምራለሁ?» የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ራሱ የድባቴ ድምፅ ናቸው። ሦስተኛው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው።

በመጀመሪያ ሰውየውን ይምረጡ። የግድ በጣም የሚወዱት ወይም የሚወድዎት መሆን የለበትም። እናት ብዙ ጊዜ ከድንጋጤዋ የተነሳ ታለቅሳለች፤ ከዚያ እርስዎ አጽናኝ ይሆናሉ። የሚፈልጉት ሳያቋርጥ የሚሰማ፣ ነገር የማያወጣ፣ መፍትሔ ለመናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ከሥራ ባልደረባ፣ ከአክስት፣ ከድሮ አስተማሪ ወይም ከሃይማኖት አባት ሊገኝ ይችላል።

ቀጥሎ፣ ፊት ለፊት መናገር ካቃተዎት ይጻፉ። ይህን እንዳለ ቢልኩትም ነውር የለውም፦

«ሰላም ነው? ሰሞኑን ደህና አይደለሁም። ከተከፋሁ ሳምንታት አለፉ፣ እንቅልፍም አልተኛም፣ ምንም ነገር ደስ አይለኝም። ድባቴ ይመስለኛል። መፍትሔ እንድትፈልግልኝ አይደለም የጻፍኩት። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ግማሽ ሰዓት አብረኸኝ ብትቀመጥ ደስ ይለኛል።»

መጨረሻው ላይ ቀንና ሰዓት እንዳለ ልብ ይበሉ። «እርዳኝ» ሲባል ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም፤ «በምትፈልገው ሁሉ አለሁ» ይልና ይጠፋል። ተንኮል ኖሮት አይደለም፣ የሚይዘው ነገር ስላጣ ነው። ስለዚህ የሚያዝ ነገር ይስጡት፦ ሐኪም ጋ ደውለህ ቀጠሮ ያዝልኝ፤ ሐሙስ አብረሽኝ ሂጂ፤ ጠዋት ጠዋት ደውለህ መነሳቴን ብቻ ጠይቀኝ።

የነገሩት ሰው «ምን ጎደለህና ነው? ከአንተ የባሰ ስንት አለ!» ሊል ይችላል። ለማሳመን አይከራከሩ፤ ጉልበትዎ ለዚህ አይበቃም። «ሕመም ነው፣ ሐኪም ላይ ነኝ» ወይም «ሐኪም ላይ ልሄድ ነው» ብለው ይዝጉትና ሁለተኛ ሰው ይፈልጉ። አንድ በር መዘጋቱ ሰው ሁሉ እንደማይረዳዎ ማስረጃ አይሆንም።

ሠልጥኖ የሚያደምጥ ሰው የግድ ሐኪም መሆን እንደሌለበት ደግሞ ተፈትኖ ታይቷል። በዚምባብዌ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሥራ አለ፦ አረጋውያን ሴቶች ሠልጥነው ከጤና ተቋማት ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ከታማሚው ጋር ይቀመጣሉ፣ ችግሩን ያዳምጣሉ፣ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መላ እንዲፈልግለት ያግዙታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነው ጥናት በዚህ መንገድ የተረዱት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ምልክታቸው መደበኛውን እርዳታ ካገኙት ይበልጥ ቀንሶ ተገኝቷል።

4. ሐኪም ጋ ሲገቡ

የሥነ አእምሮ ሐኪም ባይገኝ ከጠቅላላ ሐኪም መጀመር ይቻላል። ዋናው ነገር ዋናውን ነገር አስቀድሞ መናገር ነው። ብዙ ታካሚ ስለ ራስ ምታቱ አውርቶ፣ ማዘዣውን ተቀብሎ፣ የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ «ደግሞ ትንሽ ይከፋኛል» ይላል። ያኔ የሚቀጥለው ታካሚ ተጠርቷል። ስለዚህ ከመቀመጥዎ «የመጣሁት ድባቴ ይዞኝ ይሆን ብዬ ነው» ይበሉ።

በወረቀት ይዘው የሚገቡት፦ መቼ እንደ ጀመረ፣ የእንቅልፍና የምግብ ሁኔታ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ፣ መጠጥና ሌላ ሱስ፣ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም መኖሩ፣ ሴት ከሆኑ በቅርብ መውለድዎ። አንድ ነገር በተለይ እንዳይረሳ፦ ለቀናት ሳይተኙ ጉልበት የተረፈዎት፣ ሐሳብ የሚሮጥብዎት፣ ገንዘብ ያለ ልክ ያወጡበት ጊዜ ነበረ? ከነበረ ሕመሙ ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት አንዴ ያለ ልክ የሚነሳበት አንዴ የሚወድቅበት ሕመም፣ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው ይለያል፣ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሊያባብሰው ይችላል። ሐኪሙ ደም እንዲመረመር ቢያዝ አይገረሙ፤ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስም ሆነ የደም ማነስ ድባቴን ይመስላሉ።

ቀላል ለሆነው ድባቴ የሥነ ልቦና ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ከበድ ላለው ከመድኃኒት ጋር ይጣመራል። ከባለሙያው ጋር ካልተግባቡ ባለሙያ መቀየር መብትዎ ነው፤ ሕክምናውን ግን አብረው አይጣሉት።

5. መድኃኒት ከታዘዘ

ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊንና አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከሚታዘዙት ናቸው። ሰውን ከመድኃኒቱ የሚያሸሸው አንድ ነገር ነው፦ ማቅለሽለሹ፣ ራስ ምታቱ ወይም እንቅልፉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፣ ጥቅሙ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። ጉዳቱን በጥሬ ከፍለው ጥቅሙን በዱቤ እንደ መግዛት ነው። በቂ መጠን እየተወሰደ 6 ወይም 8 ሳምንት ሳይሞላው «አልሠራልኝም» ማለት ይቸኩላል። በወሲብ ፍላጎት ላይ ለውጥ ከመጣ አፍረው መድኃኒቱን በድብቅ ከመተው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ሊለወጥ ይችላል።

ሲሻልዎት ወዲያው አያቁሙ። ከተሻለ በኋላ ቢያንስ ለ6 ወር መቀጠል የተለመደ ነው፤ ማቆሙም ቀስ በቀስ በሐኪም ምክር ይሁን። ዕድሜያቸው ከ25 በታች የሆኑ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊበረታባቸው ስለሚችል ቤተሰብ በቅርብ ይከታተላቸው። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ከተወሰደ ለሕይወት አደገኛ ነው፤ ቤት ውስጥ ብዙ አይከማች።

6. ለከባዱ ሰዓት ወረቀት ያዘጋጁ

ይህ የሚጻፈው ቀለል ባለ ቀን ነው፤ በከባዱ ሰዓት አእምሮ ስም እንኳ አያስታውስም። በአንድ ገጽ ይጻፉ፦ ሊከብደኝ ሲል የሚታዩ ምልክቶች፤ ብቻዬን ሆኜ የሚያሳልፉልኝ ነገሮች፤ ሄጄ ከሰው መሀል የምቀመጥበት ቦታ፤ የምደውልላቸው ሰዎች ስምና ቁጥር፤ የምሄድበት ሐኪም ወይም ሆስፒታል። የመጨረሻው መስመር ከሁሉም ይበልጣል፦ ራስን ለመጉዳት የሚያገለግል ነገር፣ የተጠራቀመ ክኒን ይሁን የተባይ መርዝ ወይም የጦር መሣሪያ፣ ከቤት ወጥቶ ሌላ ሰው ዘንድ ይቀመጥ። ያ ግፊት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ በሚያልፍበት ጊዜ ውስጥ እጅ የሚደርስበት ነገር እንዳይኖር ነው።

ታማሚው እርስዎ ሳይሆኑ ወዳጅዎ ከሆነ፣ በቀጥታ ይጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብዙዎች የሚጠይቃቸው ሰው በመገኘቱ ይቀልላቸዋል። «አዎ» ካለ አይደንግጡበት፣ አይገሥጹት፣ ምሥጢር ለመጠበቅም ቃል አይግቡ። አብረውት ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ድባቴ የመመለስ ጠባይ አለው። ከተሻለዎት በኋላ ያንን ገጽ አይቅደዱት፤ ካለፈው ጊዜ የመጀመሪያ ምልክቶችዎ የትኞቹ እንደነበሩ ይጨምሩበት። ለአንዱ ማለዳ መንቃት፣ ለሌላው ስልክ አለማንሳት ይሆናል። አንዱን ቅጂ ለዚያ ለነገሩት ሰው ይስጡት፤ ምልክቶቹ ሲታዩ እርስዎ «ምንም አልሆንኩም» ቢሉትም ቀጠሮ እንዲይዝልዎት ከወዲሁ ይስማሙ።