ብርዳም ክፍል ውስጥ ማስክ እንዴት እናድርግ?

ኅዳር ላይ የደብረ ማርቆስ ጠዋት ቆፈን ነው። ሰልፍ ላይ መዝሙር ሲጀመር ተማሪዎቹን ልብ ብላችሁ እዩ። ከእያንዳንዱ አፍ ጭስ የመሰለ ነገር ቡልቅ ይላል። ትንፋሻቸው ነው። ክፍል ከገቡ በኋላም ይወጣል፤ ስለማይታየን ብቻ የሌለ ይመስለናል።

ኮቪድ በዋናነት የሚተላለፈው በዚሁ ትንፋሽ ነው። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በ2013 ሲከፈቱ ማስክ ግዴታ ሆነ። እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዘበኛው «ያለ ማስክ አላስገባም» ብሎ በሩ ላይ ይቆም ነበር። ልጆቹ መላ አላጡም። አንዱ አድርጎ ይገባል፤ ከዚያ ማስኩን በአጥሩ ቀዳዳ ለጓደኛው ያቀብላል። አንድ ማስክ አራት ልጅ ሲያስገባ በዓይኔ አይቻለሁ። በእነሱ አልፈርድም። «አድርጉ» አልናቸው እንጂ ለምን እንደሆነ አላሳየናቸውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ወረርሽኙ ከእንግዲህ ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ አይደለም አለ። ቫይረሱ ግን አልሄደም። ክፍላችሁ ውስጥ ሳል ሲበረታ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ዕጣን አጭሱ። ቀልዴን አይደለም። ከፊት ጥግ ላይ ከሰል አድርጋችሁ ትንሽ ዕጣን ጣል አድርጉበት። ሽታው የደረሰው ልጅ እጁን ያውጣ። ከፊት ዴስክ ይጀምራል፤ ትንሽ ቆይቶ የኋላው ዴስክም እጁን ያወጣል። ቫይረሱን የተሸከሙት ደቃቅ የትንፋሽ ጠብታዎችም እንዲሁ አየር ላይ ተንሳፍፈው ይቆያሉ። መራራቅ ይረዳል፤ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድ ሜትር ብቻውን አያድንም። (አስም ያለበት ልጅ ካለ ዕጣኑን ተዉትና በወሬ አስረዱ።)

ቀጥሎ መስኮቱ። እኛ አገር መስኮት የሚዘጋው በብርድ ነው፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ንፋስ ቀላል አይደለም። ሁሉንም ወለል አድርጎ መክፈት ካልተቻለ፣ በተቃራኒ ግድግዳ ያሉትን ሁለት መስኮቶች በስንዝር ያህል ክፈቱ። አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በዕረፍት ሰዓት ግን በሩም መስኮቱም ይከፈት። ልጆቹ ሹራብ ይደርቡ፤ መስኮት ስር የሚቀመጡትንም በየቀኑ አቀያይሩ፤ አንድ ልጅ ሁልጊዜ አይንቀጥቀጥ።

አሁን ወደ ማስኩ። «የታመመው ብቻ ያድርግ» የሚለው አይሠራም። ሰው ቫይረሱን ማስተላለፍ የሚጀምረው ምልክት ሳያሳይ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው፤ ብዙ ልጆች ደግሞ ጭራሽ ምልክት አያሳዩም። ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ዓርብ ማታ ስንቅ ሊያመጣ ገጠር ይወርዳል። እሱ ደህና ነው። ምድጃ ዳር አጠገቧ ቁጭ የሚልባት አያቱ ግን ሰባ ዓመቷ ነው። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው።

ከተገኘ ኤን 95 የተባለው፣ ፊት ላይ ጥብቅ የሚለው ማስክ ይሻላል፤ ከዚያ ሰማያዊው የሕክምና ማስክ፤ ከዚያ የጨርቁ። ሰማያዊው ቀለም ወደ ውጭ፣ ሽቦው ወደ አፍንጫ። የጨርቁን ሠፈር ያለ ልብስ ሰፊ ይሠራዋል። ለአዋቂ 25 በ15 ሴንቲ ሜትር፣ ለልጅ እንደ ፊቱ ያነሰ፣ ቢያንስ በሁለት ቢቻል በሦስት ድርብ። ከውስጥ ጥጥ ይሁን፤ አቡጀዲ ጥሩ ነው። ሲያልቅ ወደ ብርሃን ያዙት፤ አሻግሮ ካሳየ ሳስቷል። ከዚያ አድርጉትና ጧፍ ለኩሳችሁ እፍ በሉ። ጧፉ በቀላሉ ከጠፋ ማስኩ አይረባም። ነጠላ አፍ ላይ ጣል ማድረግም እንዲሁ ነው፤ በየጎኑ ክፍት ነው።

ስታደርጉት እጃችሁን ታጠቡ፤ ከአፍንጫ ድልድይ እስከ አገጭ ይሸፍን። ትልቁ ችግራችን አፍንጫ ነው፤ ልጆቹ አፋቸውን ሸፍነው አፍንጫቸውን ያናፍሳሉ። መነጽር ያደረገ ልጅ መነጽሩ ጉም ከለበሰ ከላይ እያስተነፈሰ ነው ማለት ነው፤ ሽቦውን ጫን ያድርገው። አምስት ዓመትና ከዚያ በታች ያሉትን አታስገድዱ፤ ሩጫና ስፖርት ላይም ይውለቅ።

አሁን ለእኛ ለመምህራን። ስድሳ ሰባ ተማሪ ፊት ቆመን ድምፃችን አልሰማ ሲል መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? ማስኩን አገጫችን ላይ አውርደን መጮህ። ሰው ጮክ ብሎ ሲናገር ደግሞ ከዝም ካለው ይልቅ ብዙ ጠብታ ይረጫል። ማለትም ማስኩ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው የምናወርደው። እኔ ራሴ አደርገው ነበር። አሁን ዋናውን ነገር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ዝም እስኪሉም እጠብቃለሁ። ታች ክፍሎች ደግሞ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ»ን በኅብረት መጮህ አለ፤ እሱን ወደ ሜዳ አውጡት። ምሳም ውጭ ይበላ፤ ያለ ማስክ ፊት ለፊት የምንቀመጠው ያኔ ነውና።

ለአንድ ልጅ ሁለት ማስክ ይኑረው፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይደረጋል። የረጠበ ይቀየር። ማታ በሳሙናና በሙቅ ውኃ አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ሰማያዊው አይታጠብም፤ ይጣላል። ጨርቁ ላይ ደግሞ ከውስጥ በኩል የልጁን ስም በክር ጥለፉበት። የአጥሩን ንግድ እኛ ጋ ያስቆመው ይሄ ነው።