የመጫወቻ ካርታ በአንድ እጅ መቁረጥ ለምትጀምሩ፦ ግማሹን አስቀምጡት

ቻርሊየር የሚባለውን የአንድ እጅ አቆራረጥ (ካርታውን ለሁለት ከፍሎ የታችኛውን ግማሽ ወደ ላይ ማምጣት) ስትለማመዱ ካርታው እየተበተነ ካስቸገራችሁ፣ ከ52ቱ 26ቱን ብቻ ያዙ።

መዳፋችሁ ላይ አታስተኙት። በጣት ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፦ አውራ ጣት በአንዱ ረጅም ጎን፣ የመሃልና የቀለበት ጣት በሌላው፣ ትንሿ ጣት ከኋላ። አውራ ጣታችሁን ላላ ስታደርጉት የታችኛው ግማሽ መዳፍ ላይ ይወድቃል። እሱን በሌባ ጣት ከስር ወደ አውራ ጣት ግፉት። ጠርዙ የላይኛውን ሲያልፍ፣ የላይኛው ራሱ ከስር ይገባል። በቃ!

ሙሉው ካርታ ወፍራምም ከባድም ስለሆነ ያልለመደ እጅ በሰፊው መከፈት ይኖርበታል። ሲሳሳ ግን ጣቶቻችሁ ትንሽ ተንቀሳቅሰው ይደርሳሉ። እጃችሁ ሲለምድ አምስት አምስት እየጨመራችሁ 52 አድርሱት። ግማሹ ላይ ብዙ አትቆዩ፣ ክብደቱ ስለሚለያይ ሙሉው እንደገና አዲስ ይሆንባችኋል።

ልምምዱን አልጋ ላይ አድርጉት። ከወለል ካርታ መልቀም ወኔ ይሰልባል (ወገብም)።

እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ወርዱ 57 ሚሊ ሜትር የሆነውን የብሪጅ ካርታ ፈልጉ፤ የፖከሩ 63 አካባቢ ነው። ሻይ የፈሰሰበትና የሚጣበቅ ካርታ ከሆነ ግን ይህም ዘዴ አያድነውም።