የእግዚአብሔርን ሉዓላዊነት መረዳትና በዕለት ኑሮ መታመን

እግዚአብሔር በሁሉ ላይ ይገዛል የሚለውን ትምህርት ማጥናት የሚፈልግ ሰው ከሐዋርያት ሥራ 27 ቢጀምር ይሻላል። ብዙዎች በቀጥታ ስለ እግዚአብሔር ምርጫ በሚናገረው ሮሜ 9 ውስጥ ገብተው ክርክር ላይ ይቀራሉ። እዚህ ግን ትምህርቱ በማዕበል መካከል ሲሠራ ይታያል። እስረኛው ጳውሎስ ወደ ሮም በሚወሰድበት መርከብ 276 ሰዎች አሉ። ጳውሎስ መልአክ የነገረውን ይዞ፣ ከመርከቡ በቀር አንድም ነፍስ እንደማይጠፋ ያበሥራቸዋል። ነገሩ ያለቀ ይመስላል። መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሉ ግን ያው ጳውሎስ፣ እነዚህ ካልቀሩ እናንተም አትድኑም ብሎ መቶ አለቃውን ያስጠነቅቃል።

ምዕራፉን ሁለት ጊዜ ያንብቡ። መጀመሪያ እግዚአብሔር የተናገረውን፣ ቀጥሎ ሰዎቹ ያደረጉትን ያስምሩ፦ የታንኳዋን ገመድ ቆረጡ፣ በሉ፣ ስንዴውን ወደ ባሕር ጣሉ፣ ዋና የሚችሉት ዘለው ገቡ፣ የቀሩት በሳንቃ ወጡ። ተስፋው የተፈጸመው በዚህ ሁሉ በኩል ነው። እግዚአብሔር ፍጻሜውን ሲያዘጋጅ መንገዱንም ያዘጋጃል። የሰው ፈቃድና የእግዚአብሔር ውሳኔ እንዴት እንደሚገናኙ አብያተ ክርስቲያናት በተለያየ መንገድ ያስረዳሉ፤ ይህን ምዕራፍ ግን ማንም ሊዘለው አይገባም።

ስለ ክፋት ዘፍጥረት 37፣ 45 እና 50ን አከታትለው ያንብቡ። ዮሴፍ በ20 ብር ተሸጠ። በ50፥20 ስለዚያው አንድ ድርጊት ሁለት አሳብ ይናገራል፦ ወንድሞቹ ለክፉ፣ እግዚአብሔር ለመልካም። እግዚአብሔር ለመልካም ስላዋለው በደላቸው አልተፋቀም። ስለዚህ «እግዚአብሔር ባይፈቅድ ኖሮ አላደርገውም ነበር» የሚል ሰው ኃጢአቱን በእግዚአብሔር እያላከከ ነው፤ ያዕቆብ 1፥13 ይህን በር ይዘጋል።

ውሳኔ ሲያጋጥምዎ ዘዳግም 29፥29ን ይያዙ፦ የተሰወረው የእግዚአብሔር ነው፣ የተገለጠው የእኛ። አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በአንድ በኩል የታዘዙትን ይጻፉ፦ እውነት መናገር፣ ዕዳ መክፈል፣ ቤተሰብን መንከባከብ፣ ምክር መጠየቅ። በሌላው በኩል በእጅዎ የሌለውን ይጻፉ፦ ይቀጥሩኝ ይሆን? ሕክምናው ይሠራ ይሆን? ለመጀመሪያው ዝርዝር ቀን ይቁረጡለት፤ ሁለተኛውን የየዕለት ጸሎት ያድርጉት። ጭንቀት የሚበረታው ሁለቱ ሲቀያየሩ ነው፤ ሰው ሊታዘዝ የሚገባውን «እየጸለይኩበት ነው» እያለ ያዘገያል፣ ውጤቱን ግን ሌሊቱን ሙሉ በአሳቡ ሲያገላብጥ ያድራል።

«የተወሰነ ከሆነ ለምን እጸልያለሁ?» ለሚለው ጥያቄ ዳንኤል 9ን ይመልከቱ። የኢየሩሳሌም መፍረስ 70 ዓመት እንደሚቆይ ከኤርምያስ መጽሐፍ ባስተዋለ ጊዜ በጾም ለልመና ተነሣ። ተስፋውን ማወቁ ነው ያስጸለየው።

ሁኔታዎችን ብቻ እያዩ የእግዚአብሔርን ፈቃድ መተርጎም ሌላው ስሕተት ነው። ጳውሎስ ወደ ቢታንያ እንዳይሄድ የከለከለው የኢየሱስ መንፈስ ነበር (ሐዋ. 16፥7)፤ ወደ ተሰሎንቄ እንዳይሄድ ያዘገየው ግን ሰይጣን ነው (1ኛ ተሰ. 2፥18)። በሩ ስለተዘጋ ብቻ ማን እንደዘጋው አይታወቅም። በመጀመሪያው እንቅፋት «እግዚአብሔር አልፈቀደም» ብለው አይተዉ፤ ነገሩን በቃሉ ይመዝኑ፣ የበሰሉ ሰዎችን ያማክሩ፣ ቃሉ የማይከለክለው ከሆነ ደግመው ይሞክሩ።

ይህ ትምህርት ያለ ቦታው ሲነገር ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ሐዘን ቤት ነው። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱ፣ ጌታ ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ነበሩ የሚለውን አሳብ አልተቀበለም (ሉቃስ 13)። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ተቀመጡ፤ የእግዚአብሔር ቍጣ የመጣባቸው ከዚያ በኋላ በተናገሩት ነው። ስለዚህ ለሐዘንተኛው መከራ ምክንያት አይፈልጉ። «ለበጎ ነው» አይበሉ። መዝሙር 13ን (በሰባ ሊቃናት ትርጉም አቆጣጠር መዝሙር 12) አብረው ያንብቡ፤ «እስከ መቼ» የሚለው ጩኸት አራት ጊዜ ይመላለሳል፣ የሚጮኸውም ወደሚገዛው አምላክ ነው። ነገር ሁሉ ለበጎ እንደሚደረግ የሚናገረው ሮሜ 8፥28 ሐዘንተኛው ራሱ ሲጠይቅ ይደርሳል። ያን ጊዜም ቁጥር 29 ላይ ሳይደርሱ አያቁሙ፤ መልካም የተባለው የልጁን መልክ መምሰል እንደሆነ የተጻፈው እዚያ ነው።